«ይሄ ዘፋኝ የት ሀገር ሰው ነው?»

ባለፈው ጥር፣ የሠርጉ ወቅት ሲጧጧፍ፣ አንድ የሰፈሬ ልጅ እህቱን ሊድር ሳምንት ሲቀረው መጣና «የሙሽራዋ ስም የገባበት ዘፈን ሥራልኝ፣ 6,000 ብር እከፍላለሁ» አለኝ። በሙያዬ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ማታ ማታ ግን ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ በተከራየኋት አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ሙዚቃ እሠራለሁ። ስቱዲዮ የምላት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ትንሽ ኪቦርድ፣ አንድ ማይክና ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ብርድ ልብስ ናት። ጎረቤቴ ምጣድ ስትጥድ መብራቱ ይደክማል። ከቀለበት መንገዱ የሚመጣው የሲኖትራክ ጩኸት እስኪያልፍ ድምፅ መቅረጽ አይቻልም። የኪራይ ቀን ደርሷል፤ የጻፍኩበት ክፍያ ደግሞ «በሂደት ላይ ነው» ተብሏል። እሺ አልኩት።

ስድስቱ ቀን በሌላ ሩጫ አለቀ። በሰባተኛው ሌሊት ዘፈን የሚሠራ አንድ የኤአይ መተግበሪያ ከፈትኩ። ግጥሙን ለጠፍኩ፣ ደማቅ የሠርግ ዘፈን በወንድ ድምፅ ብዬ አዘዝኩ። የጣድኩት ቡና ሳይፈላ ሁለት ዘፈን ሰጠኝ። የተሻለውን መርጬ ላክሁ። «ሦስት ሌሊት አልተኛሁም» የምትል መልእክትም አከልኩበት።

በመልሱ ዕለት ዘፈኑ ሲለቀቅ ወጣቱ ተነስቶ ጨፈረ። ከጎኔ የተቀመጡት የሙሽራዋ አያት ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ ዘፋኝ የት ሀገር ሰው ነው?» አሉኝ።

ለምን እንደጠየቁ ወዲያው ገባኝ። ግጥሙ ላይ ሙሽራዋን «የቤታችን ዋና» ብያታለሁ። አውራ፣ ቁንጮ ለማለት ነው። «ና» መጥበቅ ነበረባት። ማሽኑ አላላት። ልጅቷ የቤቱ አለኝታ መሆኗ ቀርቶ ወንዝ ውስጥ የሚዋኙት ዋና ሆነች። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የምንለው፣ የሚለየው አንባቢው ነው። ይህንን ከእናታችን አፍ ተማርነው። ማሽኑ ግን እናት የለውም።

«አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«እ፣ ለካ ለዚያ ነው» ብለው አመኑኝ።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ መተግበሪያውን መክፈቴ አይደለም፤ ያቺ መልስ ናት። ይህንን ለመጻፍ ያስነሳኝም እሷው ነች።

በሙዚቃ ውስጥ ማሽን መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር ለሥራ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ሆነው አንድ ሥራ ቀረጹ። አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን እንጂ ከኋላቸው ባንድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲታተም ግን የዓለም መድረክ ላይ መልሶ አወጣቸው። የዛሬ የቤት ውስጥ አቀናባሪዎች ታላቅ ወንድም ልትሏቸው ትችላላችሁ። ከበሮውን ማሽን መታው፤ ቅላጼው ግን ከእሳቸው ጣት የወጣ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስምም ሥራውን የሠራው ሰው ስም ነበር።

አውቶ ቲዩንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ ያዋለው መሐንዲስ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ ሞገድ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው። መሣሪያው የዘፋኙን ድምፅ ይዞ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ቁልፍ ይጎትተዋል። ለአንዳንድ ዘፈን ይሆናል። አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ የምታዜም ልጅ ላይ ሳበራው ግን በሁለት ቁልፍ መካከል ያለው መንሸራተት፣ ያ ከማሲንቆ የወረስነው እንባ፣ ተላጭቶ ይወጣል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አጠፋዋለሁ። «ለምን አላስተካከልከውም?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። በየቀኑ የምንሟገትበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጉድ ላውጣ። የምሠራበት ኤፍኤል ስቱዲዮ ለዓመታት ክራክ ነበር፤ በፍላሽ የተገለበጠ። የትንሹ እትም ዋጋ 99 ዶላር ነበር። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ በባንክ ዋጋ 5,600 ብር ገደማ ይመጣ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ብሩ ቢገኝ እንኳ ከውጭ የምገዛበት ካርድ አልነበረኝም። በመጨረሻ ውጭ ያለ ዘመድ ገዛልኝ። ችግሩ እውነት ነው። ግን ሥራዬን አንድ ሰው ስሜን ቆርጦ በራሱ ስም ሲለቀው «ሌባ!» ብዬ የጮህኩባት ሌሊት፣ ከፊቴ የተከፈተው ሶፍትዌር የተሰረቀ ነበር። ስለ መብት የምንጮህ ሁላችን መጀመሪያ የራሳችንን ላፕቶፕ ብናይ አይከፋም።

ወደ ኤአዩ ልመለስ። «ለደሃ ልጅ ዕድል ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። አቀናባሪ የሚከፍለው የሌለው ልጅ በስልኩ ዜማውን መሞከር ከቻለ ማን ይጠላል? ግን ማሽኑ ሙዚቃን ከማን ተማረ? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሱኖና ዩዲዮ የተባሉትን መተግበሪያዎች አሜሪካ ውስጥ የከሰሱት ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ነው። እነሱ ጠበቃ አላቸው። ለአንድ የወሎ አዝማሪ ማን ፍርድ ቤት ይቆምለታል?

ሕግማ አለን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነ ሥራ ተሠርቶ ከተቀረጸ ጊዜ ጀምሮ፣ ምዝገባ ሳይጠይቅ ጥበቃ ይሰጣል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ይህ አዋጅ ሲወጣ ግን ማሽን በአማርኛ ይዘፍናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኤልያስ መልካ በመስከረም 2012 ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ለሕዝብ ያቀረበው፣ ገንዘቡ ለሠሪው ይድረስ ብሎ ነው። ያኔ ጥያቄው «ገንዘቡ ለሠሪው እንዴት ይድረስ?» የሚል ነበር። ዛሬ ከዚያ በፊት «ሠሪው ማነው?» ብለን መጠየቅ ግድ ሆኗል።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ሕጉ እስኪደርስልን ድረስ በእጃችን ያለውን እናድርግ።

አንደኛ፣ እንናገር። ድምፁ የማሽን ከሆነ «የማሽን ነው» እንበል። ደንበኛው አውቆ ከፈለገው ዋጋውም ያንን ይምሰል። በግ ተብሎ ፍየል መሸጥ መርካቶም ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ የሰው ድምፅ አንዋስ። «በሟቹ በእገሌ ድምፅ ሥራልኝ» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ መጥቶልኛል። የሞተ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አፉ ላይ ቃል ማስቀመጥ መቃብር ከመቆፈር በምን ይለያል?

ሦስተኛ፣ ወረቀት እንጻፍ። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ድርሻው ስንት እንደሆነ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁሉም ይፈርምበት። ከአብሮ አደግ ጋር «ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ተባብለን ጀምረን፣ ዘፈኑ ሲወጣ የተኮራረፍን ስንቶች ነን?

ለሙሽራዋ ወንድም እውነቱን ነገርኩትና ግማሹን ብር ልመልስልህ አልኩት። ሳቀብኝ። «ታዲያ ምን ችግር አለው? ሰዉ ጨፍሯል እኮ!» አለኝ። ብሩንም አልተቀበለኝም። ከማሽኑ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ መልስ ነው። ከጨፈርን ይበቃል ካልን ለሚቀጥለው ሠርግ ክራር የሚመታ ልጅ ማን ይጠራል? ያ ልጅስ ክራር ለመማር ምን ምክንያት ይኖረዋል?

አያትየውን ግን አልነገርኳቸውም። ሰፈር ውስጥ ባገኘኋቸው ቁጥር ሰላም ካሉኝ በኋላ «ያ አሜሪካ ያደገው ልጅ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው፣ አባባ» እያልኩ እዚህ ደርሻለሁ።

የልጅ ልጆቻቸው ይህን ቻናል እንደምትከታተሉ አውቃለሁ። እባካችሁ አንብቡላቸው።

ቸር እንሰንብት።