ዋና ከተማ ስንት ይበቃል?

ሒሳብ አዋቂው ወዳጄ ደግሞ ተነስቶበታል። ያ የዚህ ዓምድ አንባቢዎች የምታውቁት፣ የዓለምን ነገር ሁሉ በቤንዚን ሊትር የሚሰፍረው ሰውዬ። ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮው እየዞረ ሳለ፣ «አንድ ክልል ስድስት ከተማ! ኃላፊው ፊርማ ፍለጋ ከጂንካ ዲላ ሲመላለስ ዕድሜው ሊያልቅ ነው እኮ!» አለና ለቀስተኛውን ፈገግ አሰኘ። ለቅሶ ቤት መከራከር ነውር ነውና መልሴን ለዚህ ገጽ አቆየሁት።

ነገሩ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። በነሐሴ 2015 ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት ደግሞ ቢሮዎቹን ተካፈሉ። ቀደም ብሎ በ2014 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልም ከቦንጋ ሌላ ተርጫን፣ ሚዛን አማንንና ቴፒን ይዞ ነው የጀመረው። ወዳጄ ይኼን ብክነት ይለዋል። እኔ ደግሞ ከሰሞኑ የአስተዳደር ፈጠራዎች ሁሉ ደስ ያለኝ ይኼው ነው።

ወዳጄ ያላሰበው ቤንዚን አለ። በቀድሞው የደቡብ ክልል ከ50 በላይ ብሔር ብሔረሰቦች ነበሩ፤ መቀመጫው ሐዋሳ። የቦንጋ ሰው ለአንድ ማኅተም ጎጀብንና ኦሞን ተሻግሮ ይመጣ ነበር። የአልጋው፣ የምግቡ፣ የአውቶቡሱ ወጪ ከባለጉዳዩ ኪስ ስለወጣ በማንም መዝገብ አልሰፈረም። ዛሬ መንገዱ ለኃላፊውም ሲደርሰው ጊዜ «ወጪ» የሚል ስም ወጣለት! ባለጉዳዩስ አሁንም ከከተማ ከተማ ይዞር የለም ወይ ለምትሉኝ፣ ይዞራል። ቢያንስ ግን አብሮት የሚዞር ሹም አግኝቷል።

ደግሞስ አገሩ በአንድ መስኮት የሚታይ ነው? የኮንሶ ገበሬ ዝናብ በሚያጥርበት ተዳፋት ላይ ድንጋይ ክቦ አፈሩን ያቆማል፤ ዩኔስኮ በ2003 የመዘገበለት እርከን ነው። የጌዴኦው ደግሞ በእርጥብ ደጋ፣ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር እንሰትና ቡና አሰባጥሮ ያበቅላል፤ እሱም በ2016 ተመዝግቦለታል። ከእነዚህ ወረድ ሲሉ የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። ሦስቱም በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው። ለሦስቱም አንድ የግብርና መመሪያ ከአንድ ፎቅ ላይ ማውጣት ነው ብክነት ማለት።

«አገር ያለ አንድ መዲና አይቆምም» ባዮችም አሉ። ደቡብ አፍሪካ ከ1910 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕሪቶሪያ፣ በኬፕ ታውንና በብሉምፎንቴን ተከፋፍላ ቆማለች። የእኛዎቹም ነገሥታት ቢሆኑ ፋሲል ጎንደር ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ለዘመናት መዲናቸው ድንኳን ነበር። ምኒልክ ከአንኮበር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ፍልውሃ ወረዱ፤ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ደግሞ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ቤት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ዘላለማዊ የሚመስለን ማዕከል የቆመው በአንድ የውጭ አገር ችግኝ ነው ማለት ነው።

ስለ መቀመጫ ስናወራ ግን ከቢሮ የሚቀድም ነገር ትዝ አለኝ። በጋሞ ደጋ እያንዳንዱ ደሬ፣ እያንዳንዱ አካባቢ ማለት ነው፣ የራሱ ዱቡሻ፣ የራሱ የመማከሪያ ሜዳ አለው። ሸንጎው የሚቀመጠው እዚያው፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። በመስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ገንፍሎ ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያን ቀን ከተማዋን ያስተዳደረው ማን ነበር? እነዚያ አባቶች ማኅተም አልነበራቸውም። ሰው ፊታቸውን ያውቀው ነበር፤ ይኼው ነው። ስለዚህ ቢሮ መበተን ብቻውን ጽድቅ አይደለም። ዲላ ላይ ታፔላ ሰቅሎ ኃላፊው አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ከከረመ፣ ያኔ ወዳጄ ልክ ነው፤ ቤንዚኑም ይቁጠር።

ወደ አሮጌው ጠቤ የምመለሰውም በዚሁ ነው። ክልሎቹ ከተሞቻቸውን ሲያካፍሉ ፌዴራሉ ምነው ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አልል አለ? የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ቡና በማይበቅልባት ከተማ ምን ይሠራል? ቦንጋ ወይም ጂማ ቢሄድ ማን ይከለክለዋል? ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በ2014 የተቋቋመው የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ነው። የቆላው ጉዳይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ሹራብ ለብሶ ይወሰናል!

እሱን ሰመራ ወይም ጎዴ ውሰዱልኝ። ሚኒስትሩ በሰኔ ከሰዓት በኋላ ሰመራ ላይ መብራት በጠፋበት ቢሮ አንዴ ቢቀመጡ፣ ውኃ ዘግይቶ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ያለ ሪፖርት ይገባቸዋል። የቤንዚኑን ከወዳጄ ጋር እኔ እችላለሁ።