ሙትን ያስነሣው ማን ነው?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በገርጂ፥ በልጄ ቤት ቡና ሲፈላ፥ የልጅ ልጄና ሁለት ጓደኞቹ ከመቃብር ተነሥተው ሰው የሚበሉ ሙታን ያሉበትን ፊልም ይመለከቱ ነበር። ዞምቢ ይሏቸዋል። ፊልሙ ሲያልቅ አንደኛው፥ «አባባ፥ እኛ እኮ የራሳችን ዞምቢ አለን። ቡዳ ሙት ከመቃብር አውጥቶ ባሪያ ያደርጋል ይባል የለም? ይህን ፊልም ብናደርገው ባህላችንን ለዓለም እናሳያለን» አለኝ። ሌሎቹም አሳቡን አደነቁ። እኔ ግን ደነገጥሁ፤ የደነገጥሁበትንም ምክንያት እነሆ እጽፋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነውና፥ ዞምቢ የተወለደው በሆሊውድ አይደለም፤ በሃይቲ ነው። በዚያች አገር ፈረንሳዮች ከአፍሪካ የተጋዙትን ሰዎች በሸንኮራ እርሻ በጅራፍ ያሠሩ ነበር። ባሮቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1791 ዐምፀው በ1804 ነጻ መንግሥት አቆሙ። በእነርሱ ዘንድ ዞምቢ ማለት ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ ያለ ደመወዝና ያለ ፈቃዱ የሚያሠራው ሰው ነው። የሃይቲ ገበሬ የሚሰጋው ዞምቢ ይበላኛል ብሎ ሳይሆን፥ ባርነት ከሞት በኋላም ተከትሎኝ ዞምቢ እሆናለሁ ብሎ ነው።

አሜሪካ ሃይቲን ከ1915 እስከ 1934 በጦር ይዛ ሳለች ግን፥ በ1932 «ዋይት ዞምቢ» የተባለ ፊልም ወጣ። በስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሙታን ሲሠሩ ይታያል፤ ተመልካቹ እንዲያዝን የተደረገው ግን ለአንዲት ነጭ ሙሽራ ነው። በ1968 ደግሞ በጆርጅ ሮሜሮ ፊልም የሚያሠራቸው ጌታ ከነጭራሹ ጠፋ፤ ሙታኑ ራሳቸው ሰው በላ ሆኑ። እንዲህ እንዲህ እያለ ተበዳዩ አስፈሪ፥ በዳዩ የማይታይ ሆነ።

በ2019 በካናዳ ከሚክማቅ ነገድ የተወለደው ጄፍ ባርናቢ «ብለድ ኳንተም» በተባለው ፊልሙ ነገሩን ገለበጠው። በዚያ ፊልም በሽታው የማይዛቸው የአገሩ ነባር ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ነጮቹም መጠጊያ ፍለጋ ወደ እነርሱ ይመጣሉ።

ወጣቶቹ፥ «እኛስ የምንለው ይህንኑ አይደለምን?» ይሉኛል። አይደለም! ባርናቢ የተናገረው በተገፋው አፍ ነው፤ የቡዳ ተረት ግን የገፊው ንግግር ነው። ቡዳ ሲባሉ የኖሩት እነማን ናቸው? ማረሻ የሚቀጠቅጠው፥ ምጣድና ጀበና የምትሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ በጎንደርም ቤተ እስራኤል ናቸው። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ፥ ሕያው ባሪያ በግልጽ የያዘው ሰው «ጌታዬ» ሲባል፥ ርስት የሌላት ሸክላ ሠሪ የሙት ባሪያ አላት ተባለች። ኃጢአታችንን በእርሷ ደጅ ደፋነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ልብን ግን አዋጅ አይገዛውም፤ ለዚህም እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። በ1970ዎቹ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ወላጆች፥ «የቀጥቃጩ ልጅ ከልጆቻችን ጋር አይቀመጥ፤ ይበላብናል» ብለው መጡብኝ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ቢሆንም ፈራሁና ልጁን ከኋላ ለብቻው አስቀመጥሁት። ብርቱ ተማሪ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቀረ፤ እኔም ሄጄ አልፈለግሁትም።

«ፊልም ጨዋታ ነው፤ ማን ያምነዋል?» የሚል ይኖራል። ያን ልጅ ከወንበሩ ያስነሣው ግን ሕግ አልነበረም፤ ተረት ነበር። በፊልም ሲታይ ደግሞ ተረት ዐይንና ጥርስ ያወጣል።

ስለዚህ ልጆቼ ሆይ፥ ፊልሙን ሥሩ፤ ነገር ግን ካሜራችሁን በቀጥቃጩ ቤት ውስጥ አቁሙት። የጎረቤት ልጅ በታመመ ቁጥር፥ በእኔ ያሳብቡ ይሆን እያለ በሩን ዘግቶ ሲንቀጠቀጥ የሚያድረውን አባት አሳዩን። ያን ጊዜ ማን ማንን ሲበላ እንደ ኖረ ይታያል። በጀበናዋ ቡና እየጠጣን ሠሪዋን ሰው በላ ማለት ይብቃን።