ሙቀቱን መቻል መድኃኒት አይደለም

ከፍል ውሃ የወጣ ሰው የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ቻልከው?»። ተስማማህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ዘንድ ሙቅ ውሃ የሚለካው በዲግሪ ሳይሆን በወኔ ነው። አብዝቶ ያቃጠለ አብዝቶ ያድናል፤ ቶሎ የወጣ ፈሪ ነው።

እኛ በዚህ አንስማማም። በተለይ በበጋ፣ በተለይ ቆላ ወርደን።

ለነገሩ ሙቅ ውሃን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃውን ወደውት ከእንጦጦ በመውረዳቸው ነው። ከእንጦጦ ብርድ ለመጣ ገላ ትኩስ ውሃ ጸጋ ነው። ያንኑ የደጋ ልማድ ይዘን፣ አየሩ ራሱ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት ቀትር ሶደሬ ስንነከር ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነታችን ውስጡን በ37 ዲግሪ ገደማ ለመጠበቅ ሲሞቀው ያልበዋል፤ ላቡ ሲተንም ይቀዘቅዛል። ውሃ ውስጥ ያለ ገላ ግን ላቡ አይተንለትም። ውሃው ከገላችን ከሞቀ ደግሞ ሙቀቱ ከእኛ መውጣቱ ቀርቶ ወደ እኛ ይገባል። ከውሃው በላይ የቀረን ጭንቅላታችን ብቻ ነው፤ እሱም በሞቃት አየር እምብዛም አይቀዘቅዝም። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ ይፈጥናል። ብድግ ስንል ዓይናችንን የሚያጨልመን ይህ ነው። እኛ ግን «በሽታው እየወጣልኝ ነው» እንላለን!

ታዲያ ስንት ዲግሪ ይሁን? ለጃኩዚም ሆነ ለሌላ የሙቅ ውሃ ገንዳ ጣሪያው 40 ዲግሪ ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳ እንኳ ከዚያ በላይ ባይገባ ይሻለዋል። ጣሪያ ማለት ደግሞ ግብ ማለት አይደለም። ቀኑ ሲሞቅ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ይበቃል። ከዚያም ዝቅ ብታደርጉት ነውር የለውም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ ውጡ፤ ውሃ ጠጡ። ቢራውን ከገንዳው ወዲያ አድርጉት። ጠዋትና ማታ ከቀትር ይሻላሉ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመምተኛና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

«አባቶቻችን ችለውት የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ችለውታል። የደከመ ጉልበትና ወገብ የሚያፍታታው ግን ለብ ያለው ሙቀትና ክብደታችንን የሚሸከምልን ውሃ ነው። ለዚህ መቀቀል አያስፈልግም።

ስለዚህ ሙቅ ውሃ የሚሸጡልንን ሁሉ አንድ ነገር እንጠይቅ። በራችሁ ላይ ዋጋውን ትለጥፋላችሁ፣ የተከለከለውን ትዘረዝራላችሁ፤ የውሃውንስ ሙቀት? አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ማንንም አያከስሩም። እኛም ብንሆን «ቀዝቀዝ አድርጉልን» ማለትን እንልመድ። ብር የከፈልንበት ገንዳ የጀግንነት መፈተኛ አይደለም።

ሕፃን ስናጥብ ውሃውን አስቀድመን በክርናችን እንለካለን፤ ሲያለቅስ «ቻለው» አንለውም። ግፊት ያለባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ከዚህ ያነሰ አይገባቸውም።