ጥቁር አዝሙዱስ ምን አደረገ?

 የዛሬው ጽሑፌ ከምግብ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ሆኖም ዞሮ ዞሮ ማዕዳችን ላይ ስለሚደርስ ታገሡኝ።

ከሮቤ ዙሪያ ካለ የገበሬ ቀበሌ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። የስኳር ክኒናቸውን ለሰባት ዓመታት ያህል ከእኔ ዘንድ ሲወስዱ ኖረዋል። ገበያ በወጡ ቁጥር ጎራ ይላሉ፤ አንዳንዴም እንቁላል በፌስታል ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከዚያ ድንገት ጠፉ። ከወራት በኋላ የመጡት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነበር፤ ቀኝ እግራቸው በሻሽ ተጠቅልሏል። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ መሣሪያው ከ400 በላይ አሳየኝ።

«እናቴ፣ ክኒኑን መቼ ነው የተዉት?» አልኳቸው።

«ተዉት ተባለ'ኮ ልጄ፤ ኩላሊት ይጨርሳል አሉ።»

ማን እንዳለ ስጠይቅ ልጃቸው ስልኩን አወጣ። ሪያድ ያለው ታላቅ ወንድሙ የላከው ቪዲዮ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በቲክቶክ ላይቭ ሜትፎርሚን ኩላሊት እንደሚያበላሽ፣ የመድኃኒት ኩባንያዎች የስኳርን ፈውስ እንደደበቁ፣ እሱ የሚያዘጋጀው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግን ስኳርን ከሥሩ እንደሚነቅል ይናገራል። ከሥር የስልክ ቁጥር አለ። ዘይቱ በአውቶቡስ ሮቤ ድረስ ይላካል። እናታችን ሁለት የእግር ጣቶቻቸውን አጡ። አልሐምዱሊላህ በሕይወት አሉ።

እስቲ ከኩላሊቱ ልጀምር። ሜትፎርሚን ኩላሊትን አያበላሽም። በሌላ ምክንያት፣ ብዙ ጊዜም በራሱ በስኳሩና በደም ግፊቱ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ግን መጠኑ ይቀነሳል፣ ጉዳቱ ከከፋም እንዲቆም ይደረጋል፤ ምክንያቱም መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ነው። ሰውየው ይህችን ግማሽ እውነት አንስቶ ገለበጣት። ሙሉ ውሸት ቢናገር ኖሮ ብዙ ሰው ባልተከተለው ነበር።

ጥቁር አዝሙዱስ ምን አደረገ? ከጎሮና ከጊኒር የሚመጣው ጥቁር አዝሙድ የባሌ ሀብት ነው፤ ሁላችንም በእሱ ሽታ ነው ያደግነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈውስነቱን እንደተናገሩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፤ እኔም በዚህ አምናለሁ። ነገር ግን እንደ ኸጧቢ ያሉ ሊቃውንት ንግግሩ አጠቃላይ ቢመስልም የታሰበው ለሚስማማው የበሽታ ዓይነት ነው ብለው እንዳብራሩት መድረሳ የተማረ ያውቃል። በሕክምናውም በኩል፣ የስኳርን መጠን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። ከእነዚህ ጥናቶች በብዙዎቹ ታካሚዎቹ ዘይቱን የወሰዱት ክኒናቸውን ሳያቋርጡ ነበር። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ደግሞ ኢንሱሊኑን በዘይት ቢተካ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። በነገራችን ላይ የሜትፎርሚን ታሪክም የሚጀምረው ከአንድ የአውሮፓ ተክል ነው። «እነሱ ኬሚካል፣ እኛ ተፈጥሮ» የሚለው አነጋገር ብዙም አያስኬድም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰውየው እንዴት እዚህ ደረሰ የሚለው ነው። ውሸታም ሆኖ የጀመረ አይመስለኝም። የቆዩ ቪዲዮዎቹን ፈልጌ አይቻለሁ። ለስላሳ መጠጥ ቀንሱ፣ በእግራችሁ ሂዱ፣ እግራችሁን በየቀኑ እዩ ይላል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የሚያየው ሰው ግን አልነበረም። አንድ ቀን «ሐኪሞች የማይነግሯችሁ» ብሎ ጀመረ፤ ተመልካቹ ጎረፈ። በላይቭ የሚወረወርለት ስጦታ፣ ያ አንበሳ የሚሉት ጭምር፣ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው ግማሽ ያህሉን ወስዶ ቀሪው ለእሱ ይደርሰዋል። ዩቲዩብም ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶውን ለቪዲዮው ባለቤት ይከፍላል። የሚከፈለው ለእይታ እንጂ ለእውነት አይደለም። «ሐኪማችሁን አማክሩ» ሲል ሰዉ ይበተናል፤ «ተደብቆባችኋል» ሲል አንበሳው ይዘንባል። ሰው ነውና ቀስ በቀስ ወደሚዘንብበት ይዞራል። በኋላ ዘይት መሸጥ ሲጀምርማ ነገሩ አለቀ፤ «ተሳስቼ ነበር» ቢል ተከታዩም ደንበኛውም፣ ምናልባትም የቤት ኪራዩም አብረው ይሄዳሉ።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ በየካቲት 1998 እንግሊዛዊው ሐኪም አንድሪው ዌክፊልድ በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ሳይገናኝ እንደማይቀር የሚጠቁም ጽሑፍ ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጣ። በኋላ ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ ሲመረምር፣ ዌክፊልድ የክትባቱን አምራቾች ለመክሰስ ከተነሱ ጠበቆች ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደተከፈለው፣ ከጽሑፉ አስቀድሞም ለሌላ የኩፍኝ ክትባት የፈጠራ መብት እንደጠየቀ ታወቀ። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፤ እሱም ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በዚህ ያበቃ መሰለ። አላበቃም፤ አሜሪካ ውስጥ ዝናው ባሰ። በ2010 እና በ2011 ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄዶ፣ የልጆቻቸው ኦቲዝም ያስጨነቃቸውን የሶማሌ ወላጆች አነጋገረ። በሚኒሶታ የሶማሌ ሕፃናት የዚህ ክትባት ሽፋን በ2004 ከነበረበት 92 በመቶ በ2014 ወደ 42 በመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገብቶ 75 ሰዎች ታመሙ፤ አብዛኞቹ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ሚኒሶታ የብዙ ኦሮሞ ወገኖቻችንም አገር መሆኗን ለባሌ አንባቢ መንገር አያሻኝም። ያ ወሬ በስልክ እዚህ ድረስ መጥቷል። «አሜሪካ ያለችው እህቴ አታስከትቢ አለችኝ» ያለችኝን እናት አልረሳትም።

ሌላው አሜሪካዊ ጆሴፍ መርኮላ ክትባትን እያጣጣለ በድረ ገጹ ቪታሚን ይሸጥ ነበር። በ2017 ለፍርድ ቤት በሰጠው ቃል ሀብቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ገልጿል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልግም።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ በሽታ እንግዳ መሆን አልነበረብንም። የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ (በ597 ሂጅራ የሞቱ) ስለ ቁሷስ፣ ማለትም በየመስጊዱና በየገበያው ሕዝብ ሰብስበው ተረት ስለሚተርኩ ሰዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከእነዚህ መካከል ሕዝቡ እንዲያለቅስና ሳንቲም እንዲጥል ሐዲስ የሚፈጥሩ ነበሩ። ሱዩጢ ካይሮ ውስጥ አንዱን ተራኪ ባጋለጡ ጊዜ ተከታዮቹ በድንጋይ እንወግርሃለን ብለው ዛቱባቸው። ዛሬ አንድ ሐኪም በቲክቶክ መልስ ሲሰጥ ከሥር የሚጻፍበትን ስድብ ያየ ሰው ድንጋዩን ያውቀዋል።

የሐዲስ ሊቃውንት ሌላም ጉዳይ አንስተዋል፤ ሐዲስ ለማስተላለፍ ክፍያ የሚቀበል ሰው ዘገባ ይወሰዳል ወይ? ኢብኑ ሰላሕ እንደሚያወሱት ኢማሙ አሕመድ፣ ኢስሓቅ ኢብኑ ራህወይህና አቡ ሓቲም አንቀበልም ብለዋል። ተማሪ ከሥራው አስፈትቶት ቤተሰቡን ማስተዳደር ላቃተው ሰው የፈቀዱም ነበሩ። ልብ በሉ፤ ገንዘብ የተቀበለ ሁሉ ይዋሻል አላሉም። ገንዘቡ ግን ስለ ሰውየው ሲመረመር አብሮ ተመረመረ። ኡስታዞቻችን ሰነድ ሲያስተምሩን የነበረው ይህንን ጥንቃቄ ነው፤ ስልክ ስንከፍት የት እንደምንጥለው አላውቅም።

«ታዲያ ከሐኪሞች ጋር ያልተስማማ ሁሉ አጭበርባሪ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤ ባክቴሪያ ነው ሲል ብዙ ሐኪሞች አላመኑትም። በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ውጤቱንም ለሌሎች እንዲመረምሩት አቀረበ። በ2005 ከባልደረባው ሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎችን እንደሚገድል ለማሳየት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። የውጭው ዓለም ቶሎ ባይቀበላቸውም ጥናቱን ደጋግመው አቀረቡ እንጂ በጠርሙስ ሞልተው ለገበያ አልወጡም። ማርሻል የፈተነው በገዛ ሆዱ ነው። የቲክቶኩ ሰውዬ የፈተነው በእናታችን እግር ነው።

እዚህ ላይ የራሴንም ልናገር። እኔም የጥቁር አዝሙድ ዘይት እሸጣለሁ። ከአንድ ጠርሙስ የማገኘው ትርፍ ከአንድ ወር ሜትፎርሚን ከማገኘው ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ሰው «ይጠቅማል ወይ?» ሲለኝ ልቤ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቀዋለሁ። የመድኃኒት ኩባንያዎችም ቅዱሳን አይደሉም፤ ኦክሲኮንቲንን ያመርት የነበረው የአሜሪካው ፐርዱ በ2007ም በ2020ም ጥፋተኛነቱን አምኗል። ሰው የሚጠራጠረን ያለ ምክንያት አይደለም። ጤና ተቋም ሄዶ ግማሽ ቀን ተሰልፎ፣ ለሁለት ደቂቃ ታይቶ፣ የማይነበብ ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው፣ ማታ አንድ ሰዓት ሙሉ በቋንቋው በፈገግታ የሚያወራውን ቢያምን ምን ይገርማል? ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የውጭ መድኃኒት ዋጋ እያሻቀበ ነው። ይህን ሳናስተካክል ሰውየውን ብቻ ብንረግም ዋጋ የለውም።

ቢሆንም ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ነገር መድኃኒት ተብሎ ሊሸጥ አይገባም። ጠርሙሱ ላይ «ስኳርን ይፈውሳል» የሚል ካያችሁ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አሳዩ። የመስጊድ ኮሚቴዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከጁሙዓ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ለጤና ባለሙያ አሥር ደቂቃ ስጡ፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ክፍያ አንጠይቅም።

እናታችን አሁንም ይመጣሉ። ክኒናቸውን ጀምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከዳቦ ጋር ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ይበላሉ፣ እኔም አልከለከልኳቸውም። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ራሳቸው ከመቀነታቸው አወጡና ሌላ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው አሳዩኝ፤ ይኼኛው የሚሸጠው የደም ግፊት ሻይ ነው።

«ይሄስ ልጄ?» አሉኝ።

«ከሥር ቁጥር አለው እናቴ?»

መነጽራቸውን አስተካክለው ትንሽ አዩና፣ «አለው» አሉ።