ትልቅ ጎማ፣ ቀጭን ሻፍት

ክርያት ያም ላይ የባሕሩ ዳር መንገድና አሸዋው ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ደረቅና ጠንካራ ንጣፍ ነው፣ ሌላው ጫማ ይውጣል። በሪሞት የምትነዳ መኪና (ልጆቹ በዕብራይስጡ ሻላት የሚሉት መሪ የሚያዛት) ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅባትም። ንጣፉ ላይ እንደ ወፍ የበረረችው መኪና አሸዋው ላይ ስትደርስ ሆዷ መሬት ይነካል፣ ጎማዋ ባለበት ይቆፍራል። ያኔ የሁሉም ሰው መልስ አንድ ነው፦ ትልቅ ጎማ ይገጠምላት። መግጠሙም ቀላል ነው። የ1 ለ10 መጠን ያላቸው መኪኖች አብዛኞቹ ጎማቸውን የሚያስሩት ባለ 12 ሚሊሜትር ስድስት ጎን ማያያዣ ላይ ስለሆነ የአንዱ ፋብሪካ ቸርኬ ለሌላው ይገባል። አራት ዳዶ ፈትቶ አራት ዳዶ ማሰር ነው። የሚያሳስተውም ይኸው ቅለቱ ነው፤ ባለቤቱ ጎማ የቀየረ ይመስለዋል እንጂ በእርግጥ የቀየረው ማርሽ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር መኪናዋን 31 ሳንቲሜትር ያህል ያስኬዳታል፤ ባለ 125ቱ 39 ሳንቲሜትር። በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ዳገት በአራተኛ ካልወጣሁ የሚል ሹፌር ሞተሩን ምን እንደሚያደርገው መኪና የነዳ ሁሉ ያውቃል፤ እዚህም የሆነው እሱ ነው። ያንኑ ዳገት ለመውጣት ሞተሩ 25 በመቶ የበለጠ የመጠምዘዝ ጉልበት ማውጣት አለበት። በኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጉልበትና አምፔር አብረው ስለሚሄዱ አምፔሩም በዚያው መጠን ይጨምራል። ሙቀቱ ግን እዚያ ላይ አይቆምም፦ በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ ጭማሪው 56 በመቶ ይደርሳል። ክብደቱም አለ። ቅርጹና የተሠራበት ላስቲክ ያው ሆኖ በሁሉም አቅጣጫ በ25 በመቶ ያደገ ጎማ ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ለማስነሳትም ሆነ ለማቆም የሚያሳየው እምቢተኝነት ከቀድሞው ሦስት እጥፍ ነው። መኪናዋ ዘላ አየር ላይ ሳለች ጋዙ እንደተጫነ ጎማው ይሽከረከራል፤ መሬት ሲነካ በቅጽበት ይያዛል። ያ ሁሉ ሽክርክሪት የሚያልፈው ከእርሳስ ብዙም በማይወፍር ሻፍት ውስጥ ነው።

ልምድ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ፒኒየኑን አሳንሰው፣ አለቀ» ይላል። ፒኒየን ማለት ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ማርሽ ናት፤ ባለ 20 ጥርሷን አውጥቶ ባለ 16 ቢያስገባ ሒሳቡ በትክክል ይመለሳል። ምክሩ ልክ ነው፣ ግን ግማሽ ልክ። ሞተሩ በእርግጥ ይተነፍሳል፣ ፍጥነት መቆጣጠሪያውም ይቀዘቅዛል። ፒኒየኑ ከሚያዞረው ትልቅ ማርሽ ወዲያ ያሉት ግን፣ የመሃል ሻፍቱ፣ ዲፈረንሻሉ፣ እስከ ጎማ የሚደርሱት ቀጫጭን ዘንጎች፣ አሁን ከቀድሞው 25 በመቶ የሚበልጥ ጉልበት ያሳልፋሉ፤ እነሱን ደግሞ ማንም አልቀየራቸውም። ሸክሙ ከሞተር ትከሻ ወርዶ ሻፍት ትከሻ ላይ ተጫነ እንጂ የትም አልሄደም። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ሲደክመው ይግላል፣ ይሸታል፣ አንዳንዱም ራሱን ያጠፋል። ሻፍት ሲደክመው ምንም አይልም፤ አንድ ቀን ቀጭ ይላል፣ በቃ።

ይህ የአሻንጉሊት ብቻ ጣጣ አይደለም። ግዙፍ ጎማ ያላቸውን የትርዒት መኪኖች ያስጀመረው አሜሪካዊው ቦብ ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፎርድ ፒክአፑ ላይ ጎማ ባተለቀ ቁጥር የሚሰበረው ነገር እየበዛበት ሄዶ በመጨረሻ የወታደር መኪና አክስል እስከመግጠም ደርሷል። ዛሬ የዚያ ዓይነት መኪኖች 66 ኢንች፣ ማለትም 168 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ጎማ ይዘው የሚዘሉት ጉልበቱን የሚያበዛው የመጨረሻው ማርሽ ጎማው እምብርት ላይ ስለተቀመጠላቸው ነው። ሻፍቱ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ብዙ ግን አይሸከምም። ኡኒሞግ የተባለው የጭነት መኪናም ብልሃቱ ይኸው ነው። ትራክሳስ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ቲአርኤክስ-4 የተባለው የሪሞት መኪናም በየጎማው አጠገብ ትንሽ ማርሽ አለው። ስለዚህ ጎማ ማተለቅ ያሰበ ሰው ቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው የሞተሩን ኃይል አይደለም፤ የመጨረሻው ማርሽ ከጎማው ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ነው።

«ፋብሪካው ራሱ ትልልቅ ጎማ ያላቸውን ይሸጥ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሸጣል። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣትን ክሎድ ባስተር ይመልከቱ፦ ጎማው ለቁመቷ የሚያስቅ ትልቅ ነው። ነገር ግን ሁለት ሞተር አላት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ እያንዳንዱ የማርሽ ሳጥኑን ይዞ አክስሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋ ረጅም ሻፍት የላትም። ጎማው የተመረጠው ከሌላው ጋር አብሮ ነው። ከሱቅ ገዝቶ የሚገጥም ሰው የሚያመጣው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጎማውን ብቻ ነው።

ወደ ክርያት ያም ልመለስ፤ እዚህ ነገሩ ሌላ መልክም አለው። ሻፍት ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከፍተኛው ልክ የሚወሰነው ጎማው መሬቱን በያዘበት መጠንና በጎማው ቁመት ነው። አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ሻፍቱ ይተርፋል፤ እንደ ጭቃ የሚጎትተው አሸዋ ግን ሞተሩን ለአፍታም አያሳርፈውም። ንጣፉ ላይ ተቃራኒው ነው፦ ሞተሩ ዘና ይላል፣ ጎማው ግን ነክሶ ስለሚይዝ ድንገት ጋዝ ሲሰጥ የሚሰበረው ሻፍቱ ነው። ለአሸዋ ብሎ ጎማ ያተለቀ ልጅ መኪናውን የሚሰብራት ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱ ላይ ነው ማለት ነው። አሸዋውም ራሱ ተራ አሸዋ አይደለም። ከዓባይ አፍ ተነስቶ በባሕር ሞገድ እየተገፋ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ የደረሰ ነው፤ የዓባይን ስም ሰምቶ ላደገ አንባቢ ይህ ደስ ይል ይሆናል፣ ለኩሽኔታ ግን ደስ አይልም። አብዛኛው ኳርትዝ ነው፣ ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ 7፤ አሉሚኒየም 3 እንኳ አይሞላም። የተጨናነቀ ጥርስ መሃል አንድ ቅንጣት ስትገባ እንደ ሞረድ ትሠራለች፤ ጥርሶቹ በተጫኑ ቁጥር ደግሞ ሞረዱ ይበረታል።

«አሻንጉሊት አይደለም እንዴ፣ ቢሰበር ይቀየራል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ የሚቀይረው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የኪስ ገንዘቡን ቆጥቦ የገዛ ልጅ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ በፖስታ እስኪደርስ መኪናዋ መደርደሪያ ላይ ትከርማለች። ትልቅ ጎማ ደስ ይላል የሚለውን ግን አልክድም፣ ቁመናውም ያምራል። አሸዋ ላይ መስጠምን የሚከለክለው ግን በዋናነት ቁመት አይደለም፤ መሬት የሚነካው ስፋት ነው። ዲያሜትሩ ሳይጨምር የሰፋ፣ ስስና ቀላል ጎማ አሸዋ ላይ ይንሳፈፋል፤ የማርሹንም ሒሳብ አይነካም። ቁመት ካልጨመርኩ የሚል ፒኒየኑን ያሳንስ፣ ዘንጎቹን በጠንካራ ብረት ይተካ፣ መኪናዋ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ካላት ትንሽ ያላላው፤ ለሻፍቱ ብቸኛው ፊውዝ እሱ ነው። ከአሸዋው ሲወጣም ንጣፉን ከመርገጡ በፊት ጋዙን ይልቀቅ።