ንጉሥ አይከሰስ፤ አይሣልም እንዴ?

እኛ ሹም ስንወድ ፎቶውን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ስንጠላው አውርደን እንረግጠዋለን። በመካከል ያለችውን ነገር፣ ማለትም ሹሙ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ በሥዕሉ መሳቅን፣ አናውቅበትም። ዛሬ የምሟገተው ለዚህች ነገር ነው።

ለምሳሌ የምጠራው ሰው ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቤንጃሚን ዲዝሬሊ ይባላል። የመቅደላ ዘመቻ ሲወሰን የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። ፓርላማው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሂሳቡ ሲዘጋ ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን ሲጠጡ ደግሞ ሰውየው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል።

ታዲያ የገዛ አገሩ ሰዎች ይህን ድል አድራጊ እንዴት ሣሉት? መቅደላ በወደቀ በዓመቱ ሳይሞላ፣ ጥር 1861 ዓ.ም.፣ «ቫኒቲ ፌር» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያውን ባለቀለም ካርቱን ሲያትም የመረጠው እሱን ነው። ሣዩ ካርሎ ፔሌግሪኒ የሚባል ጣልያናዊ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያን የህንድ ንግሥተ ነገሥት ሊያሰኛት ሲነሳም፣ ጆን ቴኒየል «ፓንች» ላይ አሮጌ ዘውድ በአዲስ የሚለውጥ አዟሪ አድርጎ አወጣው። ቴኒየል ምን ደረሰበት? ኋላ «ሰር» ተባለ! ጆን ሚሌ ዲዝሬሊ በሞተበት ዓመት የሣለው የክብር ሥዕልና የፔሌግሪኒ ካርቱን ዛሬ ለንደን ውስጥ በአንድ ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይኖራሉ። አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

የእኛውን ንጉሥስ ማን ሣላቸው? ሪቻርድ ሆምዝ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው መቅደላ ላይ የቴዎድሮስን ፊት ነደፈ፤ ከሞቱ በኋላ። ከዓድዋ ማግስት፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ያው «ቫኒቲ ፌር» አፄ ምኒልክን በካርቱኑ አወጣ። እንግዲህ መሪዎቻችንን እኛ ካልሣልናቸው ሌላው ይሥላቸዋል ማለት ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ወግ ነው» የሚለኝ ካለ እንጦጦ ራጉኤል ድረስ ይውጣ። ምኒልክ ባስተከሉት በዚያ ደብር የመቅደሱን ግድግዳ አይቶ ይመለስ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ወግ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ ከሀዲው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ፍርድ በብሩሽ ማለት ይኸው ነው። ሥዕሉን ገንዘብ አውጥቶ ያሠራው መኳንንትም ብዙ ጊዜ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ አንሶ ይታያል። ሹም ትንሽ ሆኖ የሚሣልበት ቦታ ነበረን ማለት ነው። በቃል ደግሞ ማን ያህለናል! ነገሥታቱ ራሳቸው «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይሸነቁጣል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሰምና ወርቅን ለማስረዳት ከሹማምንት የተሻለ ምሳሌ አላጣሁም። ጆሮ የተፈቀደለትን ዓይን ለምን ይከለከላል?

የክልከላው ዋጋ ደግሞ ታይቷል። ግርማዊነታቸው በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ፤ በ1969 መልካቸው ከብር ኖት ላይ ወረደ። በ1983 የሊቀ መንበሩ ተራ ሆነ። በ2004 የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ፎቶ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰቀለ፤ በ2010 የአዲሱ መሪ ምስል በየካናቴራው ታተመ። ሰኔ 2012 ላይ ደግሞ፣ ለንደን ዊምብልደን የቆመው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በተቃዋሚዎች ተሰባበረ። የማይሳቅበት ምስል መጨረሻው መዶሻ ነው።

ለነገሩ ካርቱንም መርዝ አለው፤ አልክድም። ዲዝሬሊ ከአይሁድ ተወልዶ በ12 ዓመቱ የተጠመቀ ሰው ነበር፤ ብዙ ሣዮች ሥራውን መንቀፍ ትተው አፍንጫውን እያስረዘሙ ትውልዱን ሰድበዋል። ያ ካርቱን ሳይሆን ጥላቻ ነው። እኛም ስልካችን ላይ የሚዘዋወረውን እንየው እስቲ። ሹሙ ምን ሠራ የሚል ስንቱ ነው? ከየት ተወለደ የሚለውስ? ባለሥልጣኑን ይስቁበታል ብለን ስንከፍተው ጎረቤታችንን ሲሰድብ እናገኘዋለን። ዘር የሚሰድብ ሥዕል ሹሙን እንኳ አይጎዳውም፤ ወገኖቹን ሰብስቦ ከኋላው ያሰልፍለታል።

ስለዚህ ሣዮቻችን ሆይ፣ የቀረውን ድልድይ፣ የጠፋውን በጀት፣ ያልተጠበቀውን ቃል ሣሉ፤ አፍንጫውንና ብሔሩን ተዉለት። አዘጋጆች ሆይ፣ ሥዕሉ ሲመጣላችሁ ከመሳቢያ አትክተቱት። ሹሞች ሆይ፣ ቢያናድዳችሁም ቻሉት። ተረታችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል። መክሰሱ ለጊዜው ይቆየን፤ እስከዚያው ግን ይሣል!