ድግጣና ዲግሪ

ስለ አገር ዕውቀት ስንከራከር ብዙ ጊዜ ከብራናው አንወርድም። እስቲ ዛሬ ከአጥር ሥር እንጀምር።

ድግጣን የምናውቅ ስንት ነን? በአንዳንድ አገር ዝግጣ፥ በኦሮምኛ ጬካ ይባላል። በጫካ ዳርና በየአጥሩ የሚበቅል፥ አበባው ቢጫ፥ ወገኑ ከአተርና ከባቄላ የሆነ ቁጥቋጦ ነው። ገበሬውና ከብት አርቢው ግን የሚፈልጉት ለአበባው አይደለም፤ ቅጠሉን ወቅጠው የከብትን ቅማልና መዥገር ያጠፉበታል። መርዝነት ስላለውም አያያዙን ያውቁበታል።

ሊቃውንት ካልፑርኒያ አውሬያ ብለውታል። ስሙ የተወሰደው የቨርጂልን ፈለግ ከተከተለው ከሮማዊው ባለቅኔ ከካልፑርኒዩስ ነው፤ ተክሉ ቨርጂሊያ የተባለውን ዛፍ ይመስላልና። ለድግጣ የሮማ ባለቅኔ ተገኘለት፤ ዕውቀቱን ያቆየው እረኛ ግን የት ተጻፈ?

በ2010 እ.ኤ.አ. የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከደቡብ ኢትዮጵያ የተወሰደውን ቅጠል መርምረው መዥገርን እንደሚያሽመደምድና እንደሚገድል አሳተሙ። ጠይቀው መርምረዋልና እናመሰግናቸዋለን እንጂ አንቀናባቸውም።

ነገር ግን ይህ የሳይንስ ተማሪ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አንቀበልም። ቅጠሉ ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት ስሙን፥ አወቃቀጡን፥ መጠኑንና አደጋውን ከአዋቂው አፍ ተቀብሎ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህም ቋንቋ የምንማር የእኛ ሥራ ነው። ሽማግሌው ሲሞት ስሙ ብቻ ሳይሆን መጠኑም አብሮ ይቀበራል፤ መጠኑ የጠፋ መድኃኒት ደግሞ መርዝ ነው።

ስለዚህ ለክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን የአንድ ተክል ታሪክ ከነነጋሪው ስም ጽፈን እንመለስ። ዲግሪው ከድግጣው ጋር ቢተዋወቅ አይዋረድም።